አክስቴ አፍንጫ የተዋሰችበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቢቸና ገበያ፣ ቅቤ ተራ፣ የነበርነውን በቅድሚያ አንድ በአንድ ልጥራ። አንደኛዋ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ስንዱ ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቴ ብርቄ ናት፤ ያኔ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል፣ አንዱ የፊት ጥርሷ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ሦስተኛው አቶ ምናለ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ የሰርግ ቅቤ ፍለጋ ከሞጣ የመጡ ሰው። አራተኛዋ እማማ አትጠገብ ናቸው፤ አንድ ቅል ቅቤ በጀርባቸው አዝለው ከደጋው በኩል በእግራቸው የገቡ ባለቅቤ። ስማቸውን ያወቅሁት ከነገሩ በኋላ ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ። ቆሞ ያየ ሌላ ብዙ ሰው ነበር፤ በስም የማውቀው ግን እነዚህን ብቻ ነው።

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር ቅቤ ተገዝቶ ሲመጣ እናቶች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስንዱ አይታዋለች ወይ? አክስቴ ራሷ ቅቤ አትነግድም ነበር። ሥራዋ መለየት ነው። ክርስትና ያለበት፣ ሰርግ ያለበት፣ አራስ የሚጠይቅ ሁሉ ገበያ ሲወጣ በእኛ በር በኩል ያልፍና ይዟት ይሄዳል። አቶ ምናለማ ለፋሲካ ቅቤያቸው በየዓመቱ ከሞጣ ድረስ ይመጣሉ። ሞጣም ቅቤ ሞልቶ፣ እሳቸው ግን እሷ ያላየችውን ቅቤ ቤታቸው አያስገቡም። እሷ እሺ ያለችውን ቅል ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ ያስጭናሉ።

አሠራሯን እንደ ጨዋታ ከልጅነቴ ጀምሬ ስላየሁት አንድም አልረሳሁም። በመጀመሪያ ሰንደዶ ታወጣለች፤ ስፌት የሚሰፋበትን ያንን ቀጭን የሣር ዘንግ ማለቴ ነው። እስከ ቅሉ ሥር ድረስ ታስገባውና ቀስ አድርጋ ትስበዋለች፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ላዩን ለጋ ቅቤ አድርጎ ሥሩን ሌላ ነገር ይሞላዋል። በሰንደዶው ላይ የወጣውን በቀኝ ጣቷ ጠርጋ በግራ እጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች። ንጹሕ ቅቤ ሰውነት ሲነካው ወዲያው ይቀልጣል፤ የረጋ ዘይት የተቀላቀለበት ግን እንደ ሻማ ይጓጉላል፣ የተቀቀለ ድንች ያለበት ደግሞ ከጣት በታች ይሻክራል። ከዚያ እጇን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። በመጨረሻ በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች። እጅ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፤ ሁልጊዜ በዚሁ ተራ።

በሁዳዴ ግን ምላስ ይቀራል። ቅቤ ጾም ነው፤ መቅመስ ማለት መግደፍ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት አክስቴ የምትሠራው በሁለቱ ብቻ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ሰው ለፋሲካና ለሰርግ ቅቤ የሚሰበስበው ያኔ መሆኑ ነው። መቅመስ በማይቻልበት ወቅት ለዓመቱ ትልቁ ድግስ ቅቤ ይመረጣል። እሷ ግን ይህን እንደ ችግር ቆጥራው አታውቅም፤ አፍንጫዋ ስላለ።

በዚያ ዓመት፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ረቡዕ፣ ምስር ወጥ ጥዳ አጠገቡ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽታው የተቀበለኝ ገና ከአጥሩ ውጭ ነው። ምስሩ ከሥሩ አሮ ጭሱ በማጀቱ መስኮት ይወጣል፤ እሷ ከእሳቱ አንድ ክንድ ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ምንም አታውቅም። እትዬ አረረ ስላት ደንግጣ ድስቱን አወረደች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ደግማ አሸተተች። ለሦስት ቀን ጉንፋን ይዟት እንደነበር አውቃለሁ። አፍንጫዋ ጭራሽ እንደተዘጋ ግን እኔም እሷም ያወቅነው በዚያች ደቂቃ ነው።

በአጋጣሚ በዚያው ሳምንት የሳይንስ ትምህርታችን ስለ ስሜት ሕዋሳት ነበር። መምህራችን ከአርባ ምንጭ ተመድበው የመጡ ወጣት ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ አይወዱም ነበር። ሁለት እርሳስ አጠጋግተው በጀርባችን ላይ ሲያስነኩን ሁላችንም አንድ ነው አልን፤ በጣታችን ጫፍ ሲያስነኩን ግን ሁለት መሆኑን ዓይናችንን ጨፍነን ለየን። የጣት ጫፍ ላይ የመዳሰስ ነርቮች ተጨናንቀው፣ ጀርባ ላይ ተራርቀው ስለተተከሉ ነው አሉን። ከዚያ ከረሜላ አወጡ። አፍንጫችሁን ይዛችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ምጠጡና የምን ጣዕም እንደሆነ ተናገሩ ሲሉን ክፍሉ በሙሉ ጣፋጭ ከማለት በቀር የተናገረው የለም። አፍንጫችንን ስንለቅ ብርቱካኑ፣ ሙዙና ናናው በአንድ ጊዜ አፋችን ውስጥ ተነሡ። ያ ቅጽበት ዛሬም ይገርመኛል። ምላስ ጣፋጩን፣ ጨውን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውን ይለያል፤ ያንን ብርቱካን፣ ይህን ሙዝ የሚለው ግን በአፍ ጀርባ በኩል ወደ ላይ የሚወጣውን ሽታ የሚይዘው አፍንጫ ነው።

ሐሙስ ማታ እኔም በአክስቴ ላይ ፈተናውን ደገምኩት። በስልጆ ነበር የጀመርኩት። ከባቄላና ከሰናፍጭ የሚሠራው የጾም ስልጆ በደንብ ያቃጥላል፤ ስትቀምሰው ዓይኗ እንባ አቀረረ። አፍንጫዬ ከተዘጋ እንዴት አቃጠለኝ አለችኝ። መምህሩ የነገሩንን ነገርኳት። የሰናፍጭና የበርበሬ ማቃጠል ጣዕምም ሽታም አይደለም፤ ሕመምንና ሙቀትን የሚያውቅ ሌላ ነርቭ ነው የሚሰማው፤ እሱ በጉንፋን አይዘጋም። ቀጥዬ ከረሜላ ሰጠኋት። ጣፋጭ ነው አለች። የምን ስላት ትንሽ አሰበችና የስኳር አለችኝ። ናና ነበር።

አርብ ጠዋት የአቶ ምናለ መልእክት መጣ። ነገ ይመጣሉ፤ ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት ገበያ አይወጡምና ቅቤው ነገ ማለቅ አለበት። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፣ የሞጣ ሰው ግማሹ ይጠራል። እናቴ ነገሩን አቅልላ፣ አፍንጫዬ ተዘግቷል በያቸውና ሌላ ሰው ይፈልጉ አለቻት። አክስቴ ሽንኩርት የምትልጥበትን ቢላዋ አስቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ስንዱ አሽትታዋለች ሲባል የኖረ ስም በአንድ ጉንፋን ይሂድ? ዛሬ አይሸተኝም ካልኩ፣ ነገ ሰው ያለፈውንም ዓመት ይጠረጥረዋል።»

ወጡ ሰርጉ ላይ ቢሸት ስሟ በአንድ ምሳ እንደሚያልቅ ሦስታችንም እናውቃለን። ያኔ ነው እኔ፣ በአንድ ሳምንት የሳይንስ ትምህርት ልቤ ያበጠው ልጅ፣ አፍንጫ ላበድራት የተነሣሁት። እኔ ላሽትትልሽ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ግን ትክ ብላ አየችኝና ተነሥታ ከማጀት ሦስት ዕቃ ይዛ መጣች።

የአርብ ቀን ትምህርቴ ከመምህሬ ትምህርት ይበልጥ ነበር። በሳል ቅቤ ያለበትን ማሰሮ፣ ጭስ የጠገበ አሮጌ ቅል፣ ወተት ውሎ ያደረበትን ክዳን አስሸተተችኝ። እንደ ውሃ እንዳትጠጣው አለችኝ፤ በአጭር በአጭሩ ሁለቴ ሳብና ተው። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እሷም አታውቅም ነበር። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በራሴ ካገኘኋቸው መጻሕፍት አንዱ ላይ አነበብኩት። ሽታ የሚይዘው ክፍል ከአፍንጫ ላይኛው ጣሪያ፣ ከሁለቱ ዓይን መካከል ዝቅ ብላ ያለች የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ናት፤ በዝግታ የምንተነፍሰው አየር በሥሯ ያልፋል፣ ሳብ ስናደርገው ግን ወደ ላይ ይደርሳታል። ቅቤውን በእጇ ጀርባ ላይ ማሸቷም ለመዳሰስ ብቻ አልነበረም። ሽታ ማለት ከነገሩ ላይ ተነሥቶ የሚበር ብናኝ ነው፤ የቀዘቀዘ ቅቤ ሽታውን ይዞ ይቀመጣል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። እነዚህን ሁሉ የአክስቴ እጅ ያውቃቸው ነበር።

ምላሱ ቀረ። እኔ ጾመኛ ነኝ። ብርቄ ግን ሰባት ዓመት ስላልሞላት አትጾምም። ስለዚህ ትቅመስ ተባለ። በቃ፣ ሦስት ሰው አንድ ቅቤ አዋቂ ሆንን፤ እጁ የአክስቴ፣ አፍንጫው የእኔ፣ ምላሱ የብርቄ። ምልክትም አበጀን። አክስቴ እጇን ወደ አፍንጫዋ ስታነሣ በእኔ ፊት በኩል ታሳልፈዋለች፤ ነጠላዋን አንዴ ሳብ ካደረግኩ መልካም፣ ሁለቴ ከሆነ ተዪው ማለት ነው። ብርቄ ምልክት አላስፈለጋትም፤ ሕፃን ልጅ ቅቤ ሲቀምስ ማን ይጠረጥራል?

ቅዳሜ አቶ ምናለ ቅቤ ተራው መግቢያ ላይ ጠበቁን። ረጅም ናቸው፣ ትንሽ ያነክሳሉ፣ ነጭ ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ላይ አይወርድም። ከአክስቴ ጋር ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ሙሽራዋን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ድምፅዋ ከእንስራ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነበር። እሳቸው ምንም ሳይሉ የብርቄን ራስ ዳብሰው ተከተሉን።

የመጀመሪያው ቅቤ በሰማያዊ ባልዲ የነበረ ነው። አክስቴ አሸችው፣ በፊቴ አሳለፈችው፤ የቆየ ቆዳና የጭስ ሽታ ወዲያው መታኝ። ነጠላዋን ሁለቴ ጎተትኩ። ብርቄ ግን ጣቷን እየላሰች ይጥማል አለች። አክስቴ ደህና ይዋሉ ብላ አለፈች። ሁለተኛው ላይ አፍንጫዬም አላስፈለገ፤ እጇ ጀርባ ላይ ተጓጉሎ ቀረ፣ የረጋ ዘይት ነበረበት። ብርቄ እሱንም ቀመሰችው። «ይጥማል፣ ድገሚኝ» አለች። አቶ ምናለ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ስህተታችን ያኔ ገባን። ቤታችን ውስጥ ወደ ሃምሳ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ቅቤ የሚባል ነገር ወጥ ውስጥ አልገባም። ትልቁ ሲጾም ሕፃኑም አብሮ ሽሮና ምስር ነው የሚበላው። ያንን ያህል ጊዜ ቅቤ ያልቀመሰ ምላስ የአህያ ኮርቻ ቀብተው ቢሰጡትም ይጥማል ነው የሚለው። የራበው ሰው ምላስ ዳኛ እንደማይሆን መምህራችን አላስተማሩንም፤ ብርቄ ግን በሁለት ጣት ቅቤ አስተማረችን። እንግዲህ የቀረነው እጅና አፍንጫ ሆነን፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን በትክክል ስላሸተትኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሦስተኛዋ እማማ አትጠገብ ነበሩ። ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ቅላቸውን በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ እሳቸው ስንሄድ አክስቴን ማስነጠስ ያዛት፤ ፊቷን መልሳ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ፈትታ በጣቶቿ አሽታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ መልሳም ቋጠረችው። እኔ አየሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም። ዓይኔ ሰንደዶው ላይ ነበር።

ሰንደዶው እስከ ሥሩ ወርዶ አንድ ዓይነት ነጭ ይዞ ወጣ። በእጇ ጀርባ ላይ ገና ሲያርፍ ቀለጠ። የአክስቴ ፊት ሲፈታ አየሁት፤ ደስ የሚል ነገር ሲነካት ከንፈሯን በትንሹ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። እጇን በፊቴ አሳለፈች። በአጭሩ ሁለቴ ሳብኩ። አንድ የማላውቀው ሹል ሽታ፣ የቅጠል ሽታ፣ ከቅቤው በላይ ተቀምጦ ነበር። ነጠላዋን ሁለቴ ጎተትኩ። አላመነችም፤ እጇን ደግማ አሳለፈችልኝ። ደግሜ ሁለቴ ጎተትኩ። እጇ አንድ ነገር ይላታል፣ የእኔ አፍንጫ ሌላ። ከዚያ አፍንጫውን መረጠች፤ ይቅርታ እማማ፣ አልወስደውም አለች።

እማማ አትጠገብ ቅላቸውን አልከደኑም። ምን አጥተሽበት ነው ብለው ጠየቋት። አክስቴ ሽታው አለች። ቅቤ ተራ ውስጥ ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰው ዘወር አለ። ምን ምን ይላል ሲሏት አክስቴ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ቀስ ብዬ ነገርኳት።

«ቅጠል ቅጠል ይላል፣ እማማ» አለች አክስቴ።

«ታዲያ ላሚቱ ምን ትብላልሽ፣ የኔ ልጅ? ሥጋ?»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቅላቸውን ወደ አቶ ምናለ ገፋ አድርገው እርስዎ ያሽትቱት አሏቸው። አቶ ምናለ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ እኔ ምንም አልሸተተኝም አሉ፤ ቀና ብለውም አክስቴን አዩ። እንግዲያው ስንዱ ካለች አለች ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው መንገድ ጀመሩ።

በዚያ ጊዜ የእማማ አትጠገብን ፊት አይቼዋለሁ። ሌላውም ገዢ ሰምቷል። ስንዱ ሽታው አልተስማማኝም ያለችውን ቅቤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ገበያ የሚነካው ሰው አይገኝም። ከንጋት ጀምሮ በእግር የመጣ ቅል ተመልሶ በእግር ይሄዳል። አክስቴም አየቻቸው። ዝም ብትል ስሟ ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም የሞጣው ሰው ያልሸተተውን እሷ ለየች ተብሎ ይወራላት ነበር።

«ይቆዩኝ፣ አቶ ምናለ» አለች። «ዛሬ ያሸተትኩት እኔ አይደለሁም። አፍንጫዬ ከረቡዕ ጀምሮ አይሠራም። ያሸተተልኝ ይህ ልጅ ነው። የእኔ እጅ ግን ቅቤው ደህና ነው እያለኝ ነው።»

ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ ጆሮዬ ጋለ። እማማ አትጠገብ በጣታቸው ጠሩኝና ባለ አፍንጫው ና እስቲ ብለው ራሴን ይዘው ቅሉ ላይ ደፉኝ። ሳብኩ። ወተት ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ ስስ የወይራ ጭስ፣ ንጹሕ ቅል የሚታጠንበት። ቅጠል የለም። ግራ ገባኝና ወደ አክስቴ እጅ ተመለስኩ። ቅጠሉ እዚያ አለ። ከእጇ ጀርባ ወደ ቀኝ ጣቶቿ ሄድኩ፤ በረታ። ከጣቶቿ ወደ ነጠላዋ ጫፍ፣ ወደ ቋጠሮው፤ አፍንጫዬን መታኝ።

«እትዬ፣ ጣትሽ ነው» አልኳት።

ቋጠሮው ሲፈታ ዳማከሴ ነበር። ለጉንፋን የሚታሸው ያ ቅጠል፤ እሷ እንዲከፍትላት በየሰዓቱ ታሸትተዋለች፣ ግን ራሷ አይሸታትም፤ ስለዚህ በጣቷ ላይ እንዳለ ልታውቅ አትችልም። እማማ አትጠገብ ጣቷን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ተንቀጥቅጠው ሳቁ። ቅቤዬን በጉንፋን መድኃኒት ለውሳ ትከሰኛለች አሉ። ከዚያማ ማን ይያዘን! ብርቄ ምን እንዳሳቀን ሳታውቅ ከሁላችንም በላይ ሳቀች።

አቶ ምናለ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ጉንፋንሽንማ ገና ሰላም ስትዪኝ በድምፅሽ አውቄዋለሁ» አሏት። «አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።» አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እሳቸው ግን ቀጥለው፣ እንግዲያው እጅሽ ምን እንዳለ ንገሪኝ አሏት። ከጎን የነበረች ሽንኩርት ሻጭ ከጀሪካኗ ውሃ አፈሰሰችላት፤ በሳሙና ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ሰንደዶውን እንደገና አስገባች። በዚህ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ነው ያሸችው። ለጋ ነው አለች፤ ውሃ የለበትም፣ ዘይት የለበትም፣ ድንች የለበትም። ስለ ሽታው ግን ከእኔ አትስሙ፣ ባለቅቤዋንና ልጁን ጠይቁ አለች። እኔም በታጠበው እጅ ላይ አሸተትኩና ነጠላዋን አንዴ ጎተትኩ። ምልክቱ ካሁን በኋላ አያስፈልግም ብላ በኩርኩም መታችኝ። ብርቄም ከሰንደዶው ጠርጋ ልሳ ይጥማል አለች፤ ቅሉ እንዳለ ለሰርጉ ተጫነ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ለእሷ። ያንን ቅቤ እስካሁን በአዋቂ ምላስ የቀመሰው የለም። ከቅሉ ጋር የሄደው የእሷ ቃል ነው፤ ያውም በእጅ ብቻ የተሰጠ ቃል። ሕማማቱን ሙሉ ስትሰግድም ስትቀመጥም ሐሳቧ ሞጣ ነበር። አፍንጫዋ የተመለሰው በጸሎተ ሐሙስ ነው። ጉልባኑ ሲቀቀል ከደጅ ሆና ስንዴው ሸተተኝ እያለች ወደ ማጀት ስትሮጥ አስታውሳለሁ፤ ድስቱ ላይ ተደፍታ ብዙ ቆየች።

ለዳግማይ ትንሣኤ ሦስታችንም ሞጣ ሄድን። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ አቧራ፣ ናፍጣና ሰው ከያዘው ዶሮ ጋር ተደባልቆ ይሸታል። መምህራችን ቢቸና በመጡ ሰሞን የባሕር ዛፍ ጭስ ብቻ ይሸታቸው እንደነበር፣ ከወር በኋላ ግን ጠፍቶባቸው ከተማው ማገዶ ያቆመ እንደመሰላቸው ነግረውናል፤ አፍንጫ የሰለቸውን ነገር መናገር ይተዋል። እውነት ነው፣ ደብረ ወርቅ ላይ ዶሮው አልሸተተንም።

ዳሱ ውስጥ ከአቶ ምናለ ቤተዘመድ ጋር አስቀመጡን። ዶሮ ወጡ መጣ። አቶ ምናለ ራሳቸው ከወጥ አውጪዋ ኋላ መጥተው ቆሙ፤ ነገሩን ለሞጣ ሰው ሁሉ ነግረውት ኖሮ የሚያየን ብዙ ነው። አክስቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች፤ ከአፏ በፊት ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው፣ ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ጎረሰች። አኘከች። እኔ የራሴን ጉርሻ በእጄ ይዤ ቀረሁ። ሁለተኛ ጎረሰች። ከዚያ ወደ አቶ ምናለ ቀና አለች።

«ብርቄ ልክ ነበረች» አለች። «ይጥማል።»

እነሆ ዓመታት አለፉ። ዛሬ እኔ ቢቸና ውስጥ በትንሽ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ፤ ጣቴ ከአፍንጫዬ ይልቅ ይሠራል። ከሱቄ ማዶ ቅቤ በታሸገ ላስቲክ ይሸጣል፤ በላስቲኩ ላይ ንጹሕ የሚል ተጽፎበታል፣ ገዝተው ካልከፈቱት ግን አይነኩትም፣ አያሸትቱትም። ሰዉም ይቸኩላል። በቀደም አንዲት የሠርግ ባለቤት ለአክስቴ የቅቤ ፎቶ በእኔ ስልክ ላከችላት። አክስቴ ስልኩን ተቀብላኝ መስታወቱን በእጇ ጀርባ ላይ አሽታ፣ አይቀልጥም ብላ መለሰችልኝ።

አሁን አርጅታለች። አፍንጫዋ በጉንፋን ሳይሆን በዕድሜ ሄዷል፤ የጤና ባለሙያው የሽታ ነርቮች ከሰው ጋር እንደሚያረጁ ነግሯታል። ሰው ግን ዛሬም በሯን ያንኳኳል። ቅል፣ ባልዲ፣ አንዳንዴም ያንኑ ላስቲክ ይዞ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት የምትናገረው ነገር አለ፤ አፍንጫ የለኝም፣ እጅ ግን አለኝ፤ ሽታውን ራሳችሁ ንገሩኝ። ይህን ስትል አንድም ቀን አፍራ አላየኋትም። እንግዳውም ጎንበስ ብሎ ያሸትታል፣ የሸተተውን ይነግራታል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታሸዋለች። እኔና ብርቄ ሥራ ፈትተናል፤ በሯ ላይ የሚቆመው ሁሉ አፍንጫና ምላስ ሆኖላታል።

የጻፍኩት እኔ የያዝኩትን ነው፤ እዚያ የነበራችሁ ግን የጎደለውን ታውቃላችሁ። ብርቄ፣ ከሦስቱ በእውነት የትኛው እንደጣመሽ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም። የአቶ ምናለ ልጆች፣ ከዚያ ቅል የተረፈው ቅቤ እስከ መቼ እንደቆየ ጻፉልኝ። የእማማ አትጠገብ ወገኖች ካላችሁ፣ መንደራቸው የትኛው ነበር? ያን ቀን ውሃ ያፈሰሰችልን ሽንኩርት ሻጭስ ማን ነበረች? ቅቤ ተራው ላይ ቆማችሁ የሳቃችሁም ብትሆኑ፣ መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ንገሩኝ፤ እኔ ያኔ ጆሮዬ ስለጋለ አልሰማሁም።